የአልጋ ቁራኛ

ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት «የአልጋ ቁራኛ» የሚለው አነጋገር በምን ጊዜ እንደሚነገር በክፍል ውስጥ ተወያዩ። «ቁራኛ» የሚለው ቃል ብቻውን ምን ማለት እንደ ነበረ የሚያውቁ ሽማግሌ በአካባቢያችሁ ካሉም ጠይቃችሁ ተረዱ።

ምንባብ

በቀድሞው የአገራችን የዳኝነት ልማድ ከሳሽና ተከሳሽ ከዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ የልብሳቸው ጫፍና ጫፍ ተቋጥሮ ጎን ለጎን ይሄዱ ነበር። አንዳንድ ጊዜም ባለዕዳና ባለገንዘብ በሰንሰለት ይተሳሰሩ ነበር። እንዲህ የተቆራኙ ሰዎች አንዱ የሌላው ቁራኛ ይባላል። አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ይቀመጣል፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይነሣል። ሕመም ጸንቶበት ከመኝታው መነሣት የተሳነውን ሰው አማርኛ «የአልጋ ቁራኛ» ብሎ የሚጠራው ይህን ልማድ በማስታወስ ነው። አነጋገሩ የረቀቀ ነው። ሰው ለሰው ቁራኛ ቢሆን ሁለቱም እግር ስላላቸው ተያይዘው ከዳኛው ፊት ይደርሳሉ፤ አልጋ ግን ራሱ ከቶ የማይነሣ ቁራኛ ነው።

የቋንቋችን ነገር ከተነሣ አንድ ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ጉዳይ አለ። አንድ ታማሚ ሆስፒታል ገብቶ ሲታከም «ሆስፒታል ተኛ» እንላለን። ሐኪሙም «አስተኛው» ይባላል። ታማሚው ደኅና ሲሆን ደግሞ «ከሕመሙ ተነሣ» እንላለን። ስለዚህ በአነጋገራችን መታከም መተኛት ነው፤ መዳን ደግሞ መነሣት ነው። ሁለተኛው እውነት ነው። የመጀመሪያው ግን፣ በተለይ ዕድሜያቸው በገፋ ሰዎች ላይ፣ ብዙ ጉዳት ያስከተለ አስተሳሰብ መሆኑን የሕክምና ባለሙያዎች ከተረዱት ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ይህ ምንባብ የሚያተኩረው በዚህ ጉዳይ ላይ ነው።

ሞያሌ በኢትዮጵያና በኬንያ ወሰን ላይ የተቆረቆረች፣ አንድ ስም ይዛ በሁለት አገር የምትተዳደር ከተማ ናት። የኬንያው ሞያሌ በማርሳቢት ካውንቲ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ ከናይሮቢ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በከተማይቱና በዙሪያዋ ቦረናዎች፣ ገብራዎች፣ ገሪዎች፣ ቡርጂዎችና ሌሎችም ይኖራሉ። በኬንያ የአርብቶ አደሮች መንደር ማንያታ ይባላል። ቃሉ ከማሳይ ቋንቋ የተወረሰ ቢሆንም በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍልም የተለመደ ነው። የማንያታ ሽማግሌዎች ሥራ ፈትተው የሚቀመጡ ሰዎች አይደሉም። በቦረና ምድር ጥልቅ ከሆኑት የኤላ ጉድጓዶች ውሃ የሚወጣው ሰዎች በረድፍ ቆመው እየዘፈኑ ባልዲ በመቀባበል ነው። በወጣትነቱ በዚያ ረድፍ የቆመ ሰው በስተርጅናውም ከብቶቹ ውሃ ሲጠጡ ከዳር ቆሞ መመልከትን አይተውም። ሽማግሌው ጥምጥሙን ጠምጥሞ፣ በትሩን ይዞ ከሸንጎ ይውላል፤ ነገር ይሰማል፤ ፍርድ ይሰጣል።

አሁን ከእንዲህ ያለ ማንያታ የመጡ አንድ የ78 ዓመት አዛውንት በሳንባ ምች ታመው ሆስፒታል ገቡ እንበል። እኒህ አዛውንት ብዙዎችን እንዲወክሉ በሐሳብ የቀረቡ ናቸው፤ ሞያሌ ብቻ ሳይሆን በጎንደርም፣ በአዲስ አበባም ይገኛሉ።

አዛውንቱ ከመኪና የወረዱት በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ነው፤ ቢሆንም በእግራቸው ነው የገቡት። ክፍል ሲደርሱ ሽርጣቸው፣ ሸሚዛቸው፣ ጥምጥማቸውና በረባሶ ጫማቸው ወልቆ በአንድ ተቋጥሮ ወደ ቤት ተመለሰ፤ በሆስፒታል እንዳይጠፋ ተብሎ ነው። በትራቸውም አብሮ ሄደ። ከኋላ በክር የሚታሰር የሕሙማን ልብስ ለበሱ። ግሉኮስ ተሰካላቸው፤ መድኃኒት ተጀመረላቸው። ልጆቻቸው ሌት ተቀን ከአጠገባቸው አልተለዩም። ውሃ ሲሹ ይቀርብላቸዋል፤ ሲበሉ ይጎረሳሉ፤ ትራስ ይስተካከልላቸዋል። ቀና ለማለት በሞከሩ ጊዜ «አባባ፣ አይድከሙ፣ ይተኙ» ይባላሉ። እሳቸውም የልጆቻቸውን ሐሳብ ላለመቃወም ይተኛሉ።

በ10ኛው ቀን ትኩሳቱ ጠፋ። ሳሉም ቀነሰ። ሐኪሙ ደስ ብሎት «ወደ ቤትዎ መሄድ ይችላሉ» አላቸው። አዛውንቱ እግራቸውን ከአልጋው አውርደው ለመቆም ሲሞክሩ ጉልበታቸው ከዳቸው፤ ዓይናቸውም ጨለመባቸው። በእግራቸው የገቡት ሰው በሸክም ወጡ። የሳንባው ምች ድኗል፤ ሰውየው ግን አልተነሡም። ወደ ማንያታ ቢመለሱ የጎጆው በር ጎንበስ ብሎ ካልሆነ አያስገባም፤ መቀመጫው ዝቅተኛ በርጩማ ነው፤ ለመጸዳዳት ወደ ዱር መውጣት ያስፈልጋል። መቆም የማይችል ሰው በዚያ ስፍራ ለሁሉም ነገር የሰው እጅ ይጠብቃል።

ሕመሙ ሳይሆን አልጋው ምን አደረጋቸው?

ጡንቻ የሚኖረው በሥራ ነው። ሥራ ሲያጣ ሰውነት እንደማያስፈልግ ቆጥሮ ያመነምነዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ጤነኛ የሆኑ አረጋውያን በፈቃዳቸው ለ10 ቀናት ብቻ አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደርጎ፣ ከሁለቱ እግሮቻቸው አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ሥጋ እንደ ጎደለ ታይቷል። እነዚህ ሰዎች ሕመም የሌለባቸውና በሚገባ የሚመገቡ እንደ ነበሩ ልብ በሉ። ትኩሳት ያለበትና ምግብ የማይበላ ሰው ከዚህ የባሰ እንደሚደርስበት መገመት አያዳግትም።

ጉዳቱ በጡንቻ ብቻ አያበቃም። ሰው ሲቆም ደም ወደ እግሩ ይወርዳል፤ ጤነኛ የደም ሥሮች ግን ወዲያው ተኮማትረው ደሙን ወደ ራስ ይመልሱታል። ለቀናት ጋደም ብሎ የሰነበተ ሰው ይህ ችሎታ ስለሚደክምበት በተነሣ ጊዜ ያዞረዋል። ሲተኛ የሳንባው የኋላ ክፍል በደንብ ስለማይነፋ አክታ ይጠራቀማል፤ ስለዚህ ለሳንባ ምች የታከሙት አዛውንት በመተኛታቸው ሌላ የሳንባ ምች ሊይዛቸው ይችላል። የባት ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ደምን ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕ ነው፤ ሲቆም ደሙ ይረጋል፤ የረጋውም ደም ተነቅሎ ሳንባ ውስጥ ሊወተፍ ይችላል። በወገብ ግርጌና በተረከዝ ላይ የአልጋ ቁስል ይወጣል። ሆድ ይደርቃል። ቀንና ሌሊት የማይለይበት አረጋዊ አእምሮውም ይዛባል፤ የገዛ ልጁን እስከ መርሳት የሚደርስ አለ። ቤተሰቡ ይህን ሲያይ «እርጅና ነው» ይላል። ብዙ ጊዜ እርጅና አይደለም፤ አልጋ ነው።

ይህን ቀድሞ በጽሑፍ ካስጠነቀቁት አንዱ ሪቻርድ አሸር የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። አሸር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1947 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጣው አጭር ጽሑፍ፣ አልጋ ላይ መዋል በእያንዳንዱ የሰውነት ክፍል ላይ የሚያደርሰውን ጥፋት አንድ በአንድ ዘርዝሯል። በዚያ ዘመን ብዙ ሐኪሞች ረዥም ዕረፍትን እንደ መድኃኒት ያዙ ስለ ነበር ጽሑፉ ደፋር ነበር።

ይሁን እንጂ ከአሸር በፊት በሥራ ያሳየች ሴት ነበረች። ማርጆሪ ዋረን ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1935 በለንደን ዳርቻ የሚገኘው የዌስት ሚድልሴክስ ሆስፒታል፣ ከጎኑ የነበረውን የድኾች መጠለያ ሕሙማን ሲረከብ፣ ከ700 በላይ የሆኑ ሰዎች በእርሷ ኃላፊነት ሥር ገቡ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ለዓመታት የአልጋ ቁራኛ ሆነው የኖሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ነበሩ። ምን እንደሚያማቸው እንኳ በቅጡ የመረመራቸው አልነበረም፤ አርጅተዋል ተብለው የተተዉ ናቸው። ዶክተር ዋረን ሁሉንም መረመረች። ከዚያ በኋላ ክፍሎቹ ቀለም እንዲቀቡና ብርሃን እንዲኖራቸው አደረገች፤ መቆም የሚችለው እንዲቆም፣ መራመድ የሚችለው እንዲራመድ አሠለጠነች። ተስፋ የተቆረጠባቸው ብዙዎች ወደ ቤታቸው ተመለሱ። የአረጋውያን ሕክምና ዛሬ ራሱን የቻለ ሙያ የሆነው በአመዛኙ በዚህች ሴት ሥራ ነው። የእርሷ ግኝት አዲስ መድኃኒት አለመሆኑን ማስተዋል ይገባል፤ የተኛውን ሰው ማስነሣት ብቻ ነበር።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን በአሜሪካ በዳላስ ከተማ የተደረገው ምርመራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የ20 ዓመት ዕድሜ ያላቸው አምስት ጤነኛ ወጣቶች ለሦስት ሳምንት አልጋ ላይ እንዲውሉ ተደረገ። በዚህም ጊዜ ልባቸውና ሳንባቸው ለሥራ የሚያቀርቡት የኦክሲጂን መጠን እጅግ ቀነሰ። ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1996፣ ያው አምስቱ ሰዎች በ50 ዓመታቸው እንደገና ተመረመሩ። ውጤቱም በሦስት ሳምንት መኝታ ያጡት ኃይል በ30 ዓመት እርጅና ካጡት የበለጠ መሆኑን አሳየ። ወጣት ግን ከመኝታው ተነሥቶ በስፖርት ጉልበቱን ይመልሳል። አረጋዊ የጠፋበትን ለመመለስ ብዙ ጊዜ ያስፈልገዋል፤ አንዳንዱም ጭራሽ አይመለስለትም።

ይህ ሁሉ እየታወቀ ልማዱ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ በወጣ ሌላ ጥናት፣ መራመድ የሚችሉ አረጋውያን ሕሙማን እንኳ ከሆስፒታል ቆይታቸው 83 በመቶ የሚሆነውን በአልጋ ላይ ተኝተው እንደሚያሳልፉ በመለኪያ መሣሪያ ተረጋግጧል። ቆመው ወይም ተራምደው የሚገኙት በቀን 43 ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። ከዚህም የተነሣ ብራያን ዶላን በተባለ ነርስ መሪነት ሕሙማን ከአልጋ ተነሥተው፣ ፒጃማቸውን አውልቀው፣ የራሳቸውን ልብስ ለብሰው እንዲንቀሳቀሱ የሚቀሰቅስ ዘመቻ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2018 በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ለ70 ቀናት በሰፊው ተካሂዷል።

ስለ ልብስ ለምን ይህን ያህል ይነገራል? መነሣት ብቻ አይበቃም ወይ?

ልብስ መልበስ ራሱ ሥራ ነው። ቁልፍ የሚቆልፍ ሰው ጣቶቹን ያሠራል፤ ሱሪ የሚያጠልቅ ሰው አንድ እግሩን አንሥቶ ሚዛኑን ይጠብቃል፤ ጥምጥም የሚጠመጥም ሰው ሁለት ክንዱን ከራሱ በላይ ያነሣል። በዚህ ጊዜ አንዲት ብልህ ነርስ ከአጠገቡ ቆማ ብትመለከት፣ የትኛው ክንድ እንደ ደከመ፣ ትንፋሹ ያጥር እንደሆነ፣ አእምሮው የተራውን ቅደም ተከተል ይጠብቅ እንደሆነ ትረዳለች። ሌላም ምክንያት አለ። ከኋላ የተከፈተ ልብስ የለበሰ ሽማግሌ፣ ዐማቹ ወይም የልጅ ልጁ በሚያልፍበት ኮሪደር እንዴት ወጥቶ ይራመድ? ሙሉ ዕድሜዋን ራሷን ሳትሸፍን ከሰው ፊት ያልቀረበች አሮጊትስ? ዝም ብለው ብርድ ልብሱን እስከ አንገታቸው ይስባሉ። አስታማሚው ድካም ይመስለዋል። እኔ እንደማምነው ግን በአገራችንና በጎረቤታችን ብዙ አዛውንት አልጋ ላይ የሚውሉት ጉልበት አጥተው ሳይሆን ልብስ አጥተው ነው፤ ልብሳቸው በጥቅልል ወደ ቤት ተመልሷልና።

እንግዲህ ወደ አዛውንታችን እንመለስና ነገሩ በሌላ መንገድ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር እንመልከት።

በመጀመሪያው ሌሊት ትኩሳቱ እጅግ ስለሚያይል ሽማግሌው ይተኛሉ፤ ይህ ተገቢ ነው። በሁለተኛው ቀን ጧት ሐኪሙ ትንፋሻቸውንና የደም ግፊታቸውን ተመልክቶ «መነሣት ይችላሉ» ካለ በኋላ ነርሷ ልጁን ጠርታ ሥራውን ታስጀምራለች። ፈቃዱ ከሐኪሙ መምጣት አለበት፤ አጥንቱ ያልተጠገነ፣ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ወይም በሐኪም ትእዛዝ እንዲተኛ የተደረገ ሰው በአስታማሚ ፍላጎት አይነሣም።

«የአባትህን ልብስና በትር አምጣ» ትለዋለች።

«በሽተኛ ናቸው እኮ፤ በትሩ ምን ያደርግላቸዋል?»

«ለዚሁ ነው። ያለ በትራቸው አልመጡም፤ ያለ በትራቸውም አይመለሱም።»

አዛውንቱ በመጀመሪያ በጎናቸው ይዞራሉ፤ እግራቸውን ከአልጋው አውርደው ይቀመጣሉ። ጥቂት ደቂቃ እንዲሁ ይቆያሉ፤ ያዞራቸው እንደሆነ ይጠየቃሉ። ወዲያው ዘሎ መቆም የሚያስወድቅ ስለሆነ እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። ከዚያ የሸሚዛቸው ተራ ይደርሳል። ግሉኮስ የተሰካበት ክንድ በመጀመሪያ ይለብሳል፤ ሲወልቅ ደግሞ በመጨረሻ ይወልቃል። አንድ ጎኑ በሽባነት የደከመ ሰውም እንዲሁ ነው፤ የታመመው ጎን ቀድሞ ይለብሳል፣ ኋላ ይወልቃል። እግር ላይ የሚያንሸራትት ነጠላ ጫማ ሳይሆን ተረከዝን የሚይዝ ጫማ ይደረጋል። ሸሚዙን ልጃቸው ለመቆለፍ ሲዘረጋ ነርሷ ታስቆመዋለች፤ አባትየው ራሳቸው ይቆልፋሉ፤ ብዙ ጊዜ ቢወስድም ይጠበቃሉ። ይህን መጠበቅ ከሥራው ሁሉ ከባዱ ነው። ልጅ ሆኖ አባቱ ከአንዲት ቁልፍ ጋር ሲታገል እጁን አጣምሮ መቆም ጭካኔ ይመስላል።

ጥምጥሙን ግን ማንም አያስተምራቸውም። እጃቸው ያውቀዋል።

ለዚህ ሥራ ሦስት እንቅፋቶች አሉ። አንደኛው የመውደቅ ፍርሃት ነው፤ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም። ነገር ግን አረጋዊን ከአልጋ አለማስነሣት መውደቅን ለዛሬ ያስቀራል እንጂ፣ እግሩ ደክሞ ቤቱ ሲመለስ የባሰ አወዳደቅ ይጠብቀዋል። ሁለተኛው የሠራተኛ ማነስ ነው። አንዲት ነርስ ብዙ ሕሙማን በምትጠብቅበት ክፍል ሁሉን በየተራ ማስነሣት አትችልም። እዚህ ላይ እኛ ከእንግሊዞች የምንሻልበት አንድ ነገር አለን፤ እሱም አስታማሚ ነው። በብዙ የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ከሕመምተኛው አልጋ ሥር ሌት ተቀን የማይለይ ዘመድ አለ። አጎራረሱን የሚያውቅ ሰው አነሣሡንም ቢማር ነርሷ ከምታገኘው ረዳት ሁሉ የተሻለ ነው።

ሦስተኛው እንቅፋት ከሁለቱ የጠነከረ ይመስለኛል። ይኸውም የሰው አፍ ነው። ጠያቂዎች ዳቦና ወተት ይዘው ሲመጡ አዛውንቱ በኮሪደሩ በበትር ሲራመዱ፣ ልጃቸውም ባዶ እጁን ከኋላ ሲከተል ያገኟቸዋል። «ምነው፣ የሚያስተኛቸው የለም እንዴ?» ይላሉ። ልጁ ያፍራል። አባቱን ወደ አልጋ ይመልሳል። ስለዚህ መምከር የሚያስፈልገው ታማሚውን ብቻ ሳይሆን ጠያቂውንም ጭምር ነው። ጠያቂ ሆኖ የሄደ ሰው በአልጋ ዙሪያ ከሚቀመጥ ይልቅ «አባባ፣ እስቲ እስከ መስኮቱ ያድርሱኝ» ቢል ከዳቦው የበለጠ ስጦታ አምጥቷል። ሽማግሌ እንግዳ መሸኘት ልማዱ ነውና እንቢ አይልም።

በሦስተኛው ቀን አዛውንቱ ወንበር ላይ ተቀምጠው ምሳቸውን በሉ። በአራተኛው ቀን መጸዳጃ ቤት ድረስ ሄዱ። በስድስተኛው ቀን ከክፍሉ ማዶ የተኛ ሌላ ሽማግሌ «የት ሊሄዱ ነው እንዲህ የለበሱት?» ብለው ጠየቋቸው። በማግሥቱ እኒያም ልብሳቸውን እንዲያመጡላቸው ላኩ።

በ10ኛው ቀን ልጅየው መኪናውን ከበሩ አስጠግቶ አባቱን ሊሸከም ጀርባውን ሰጠ። አባትየው በበትራቸው ጫፍ ገፋ አደረጉት፤ በራሳቸው እግር ተሳፈሩ። ማንያታው ሲደርሱም የጎጆው በር እንደ ወትሮው ዝቅተኛ ነበር። በትራቸውን ከውጭ አስደግፈው፣ ጎንበስ ብለው ገቡ።

ጥያቄዎች

ሀ. ከምንባቡ በመነሣት ለሚከተሉት ጥያቄዎች በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

1. ጸሐፊው አልጋን ከሌላ ቁራኛ ሁሉ የሚለየው በምንድን ነው?
2. አዛውንቱ በመጀመሪያው ታሪክ በሸክም የወጡት ከሳንባ ምቹ ሳይድኑ ቀርተው ነውን? አስረዱ።
3. በዳላስ የተመረመሩት ወጣቶች ከአረጋውያን የሚለዩት በምንድን ነው?
4. «ጉልበት አጥተው ሳይሆን ልብስ አጥተው ነው» የተባለው ስለ ምንድን ነው? በዚህ ሐሳብ ትስማማላችሁን?

ለ. «ተኛ»፣ «ተነሣ»፣ «ያዘ» እና «ዋለ» የሚሉትን ግሦች ከሕመም ጋር በተያያዘ ፍቻቸው በማስገባት ሁለት ሁለት ዐረፍተ ነገር ሥሩ።

ሐ. አንድ አረጋዊ ዘመዳችሁን ሆስፒታል ልትጠይቁ ሄዳችሁ ልጆቻቸው «አይነሡ» ሲሏቸው ብታገኙ ምን እንደምትሉ፣ የአክብሮት አነጋገርን በመጠበቅ፣ በጭውውት መልክ ጻፉ።